አራት ክንድ ተኩል

…አንድ ደቂቃ ከአሥር፣ ገና ነው፣ አትቸኩዪ፣ ሕመምተኛ አይቸኮልም፣ ሲስተር ከገንዳው መስታወት ፊት ዱካ ላይ ጉልበቷን ገጥማ ተቀምጣለች፣ ግራ እጇ እስከ ክርኗ ርሷል፣ በቀኟ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለችውን ሰዓት ቀና አድርጋ ይዛለች፣ ነርስነቱን በጡረታ ከተወች ስድስት ዓመቷ፣ ሰዓቷን ግን አልተወቻትም፣ ገንዳው ውስጥ የባሕር ኮከቧ አሸዋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች፣ አራት ብርቱካናማ ክንድ፣ የአምስተኛው ቦታ ባዶ። ያንጋለለቻት ራሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለች፣ አየር ሳታስነካት። ደኅና ኮከብ ብትገለብጣት ራሷን ታቀናለች፣ የምትሞት አታቀናም። አምስት ደቂቃ ሰጥታታለች። አምስቱ ካለፈ ከገንዳው ትወጣለች፣ ሌላ መላ የለም፣ ኮከብ ገንዳ ውስጥ ሞታ ከበሰበሰች ዓሣውንም አበባ መሳዩን ኮራልም ይዛ ነው የምትሄደው፣ የስድስት ዓመት ልፋት፣ እሷ ደግሞ ከአራት ቀን ወዲህ አልበላችም፣ ከጥግዋ ንቅንቅ አላለችም።

አንድ ደቂቃ ተኩል። ምንም።

አይሆንም ያላለ ማን ነበር? ሁሉም ብሏል፣ ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆሞ ባሕር ሳሎን ውስጥ ይገባል እንዴ ብሎ ስቋል፣ ይኸው ገባ፣ መብራቱ ሲበራ ኮራሉ እንደ ጣት ይዘረጋል፣ ባለነጭ መስመሯ ዓሣ ጣቷን አይታ ትመጣለች፣ የሌላ ሰው ጣት ሲሆን ትደበቃለች፣ ዓሣ ሰው አይለይም ይሉኛል፣ ይበሉ። ኮከቧ የመጣች ቀንስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዓሣው እያለ የሚጠራው ዓሣ ሻጭ ከነላስቲኳ ይዟት መጥቶ በአንዴ ገንዳው ውስጥ ሊገለብጣት ሲል እጁን ያዘችው፣ ከቁም ሳጥን የጉሉኮስ ቱቦ አወጣች፣ የገንዳውን ውሃ ላስቲኩ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጠብታውን በሰዓቷ እየለካች፣ ጨው በድንገት ሲለወጥባት የምትሞት ፍጥረት እኮ ናት፣ እሱ አፉን ከፍቶ፣ ሲስተር እኛ እኮ በአንዴ ነው የምንለቃቸው፣ ለዚህ ነዋ የሚያልቁብህ! በሱቁ ሦስት ወር ያለፈች የለችም፣ የእሷ ዓመት ከአራት ወር። ይሄ አያኮራም? ያኮራል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ስትሠራ አንድ ቀን መድኃኒት አልተሳሳተችም፣ ይሄም ያኮራል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት ይናገራል፣ እንከን የለሽ አገልግሎት ይላል። እንከን የለሽ።

ሁለት ደቂቃ ከሃያ። የአንዷ ክንድ ጫፍ ታጠፈች ልበል? የውሃው ግፊት ነው፣ ፓምፑ ነው፣ ራስሽን አታታልዪ።

ልጇ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ብቅ ትላለች፣ እማዬ ተንቀሳቀሰች? ዝም በይ እየቆጠርኩ ነው፣ ዛሬ ዓሣው ሌላ ይዞልሽ ይመጣ የለ፣ ይቺን ተያት በቃ፣ እሱም አሳዘነኝ እኮ፣ ያን ቀን በስልክ እንዴት አድርገሽ እንደሞለጭሽው፣ ብላ ትመለሳለች፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ሞለጭኩት። የታመመች ሸጥክልኝ፣ አንተ ነጋዴ እንጂ ሰው አይደለህም፣ እሱ ምን አለ፣ ሲስተር እርስዎ ካሉ ልክ ነው፣ እተካልዎታለሁ፣ እርስዎ ካሉ። ሁለት ወር ሆነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብላለች፣ ሆዷ ግን አልፈጀውም፣ እውነቱ ሌላ ነው፣ ሁለቱ ቢጫ ጀሪካኖች ማዕድ ቤት ጥግ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ አንዱ ጨው የተበጠበጠበት፣ ስማቸው ፕላስተር ላይ በእጅ ጽሕፈቷ፣ ገንዳው በየቀኑ ይተናል፣ ውሃው ሲተን ጨው አይተንም፣ ስለዚህ የሚጨመረው ንጹሑ ነው፣ ይሄን የማያውቅ ገንዳ አይያዝ። ያን ሰሞን ፕላስተሩ ረጥቦ ወደቀ። መልሳ አልለጠፈችም። እጄ ያውቀዋል አለች፣ ለነርስ ተማሪዎቿ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አንብቡ፣ ስታነሡ፣ ስትቀዱ፣ ስትመልሱ፣ እያለች ጆሯቸውን ያደነቆረች ሴት፣ እጄ ያውቀዋል! ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ከጨዋማው ጀሪካን ጆግ ጆግ ሙሉ ጨው ላይ ጨው። የጨው መለኪያውንም አላየችም፣ ምን ያደርጋል፣ እንከን የለሽ አይደለች። በስምንተኛው ቀን ጣቷን ነክራ ቀመሰች፣ ሁለት ቀን ንጹሕ ውሃ በቱቦ ጠብ ጠብ እያደረገች ጨውን ወደ ልኩ መለሰችው፣ ቢሆንም የኮከቧ አንድ ክንድ ወልቃ አሸዋው ላይ ወድቃ ነበር። ፕላስተሩን አዲስ ጽፋ ለጠፈች፣ ከዚያ ስልኩን አነሳች።

ሦስት ደቂቃ።

ቻርቱ እዚያው ገንዳው ጎን ተንጠልጥሏል፣ እንደ ሕመምተኛ አልጋ፣ ሙቀት፣ የበላችው፣ የተጨመረ ውሃ፣ እነዚያ ሰባት ቀናት ሁሉም ንጹሕ ውሃ ይላሉ፣ ከሥሩ የእሷ ፊርማ፣ ሰባት ጊዜ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ተነሺ የኔ ልጅ። ተነሺ በናትሽ። አንቺ ከሞትሽ እሱ ዕድሜ ልኩን በኔ ጥፋት አንገቱን እንደደፋ ይቀራል፣ እኔም አፌን እንደዘጋሁ፣ ተነሺልኝ።

ሦስት ከሃምሳ፣ አሁንስ ፓምፑ አይደለም፣ ክንዷ ተጠመዘዘች፣ ጥቃቅን እግሮቿ አሸዋውን ያዙ፣ ሁለተኛዋ ክንድ ተከተለች፣ መሐሏ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ አንድ ጎኗ ቆመ፣ በዚህ መሐል ሲስተር ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታያለች፣ በባዶው ቦታ፣ በቁስሉ ላይ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብርቱካናማ ነገር፣ ጫፍ፣ የክንድ ጫፍ! አበቀለች እኮ፣ ተኝታ አይደለም፣ እያበቀለች ነው፣ ከዚያ ጥቅልል ብላ ቀና አለች። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ሲስተር ብቻዋን ጮክ ብላ ጎበዝ! ትላለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ኩራት ደረቷን ሰዓቷ እስክትነቃነቅ ሲነፋው ይሰማታል፣ የኔ ናት፣ ያቆሰልኳትም ያዳንኳትም እኔ ነኝ።

ያቆሰልኳትም። ደወሉ ይጮኻል።

ዓሣው ነው፣ ላስቲኩን በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሲስተር እንዴት አደሩ፣ ይቺ ደኅና ናት፣ ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ፣ በእግዜር እንዳይቆጡኝ። ግባ ልጄ። ና እያት። የምን መታየት ሲስተር፣ ሞታ የለ እንዴ? የኔ አትሞትም፣ ትላለች፣ ቁጠር። አራት ክንድ፣ ይላል። አራት ተኩል፣ ዓይንህን ክፈት! ዝቅ ብሎ ያያል፣ ያፏጫል፣ ሲስተር እርስዎ እኮ ጉድ ነዎት። ነኝ፣ ትላለች፣ ጉድነቴን አሁን ታየዋለህ።

ቻርቱን ታወርዳለች፣ እስክሪብቶ ከኪሷ፣ ዋርድ ውስጥ የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፣ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከጎኑ እውነቱ፣ ከሥሩ ፊርማ፣ ትሰምራለች፣ ሰባት ጊዜ። ዓሣው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያነብባል፣ ጨው ውሃ፣ በእኔ ስሕተት። ልጇም በሩ ላይ ቆማለች፣ እማዬ? አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አንተ የሰጠኸኝ ጤነኛ ነበረች፣ ይቅር በለኝ። ሁለት ወር እኮ ነው ሲስተር፣ ይላል ዓሣው፣ ኮከብ መሸጥ ትቼ ነበር፣ ስንቱን ሰው አታለልኩ ይሆን እያልኩ። ይሄን አላወቀችም። ልቧ ላይ ይወድቃል፣ ይውደቅ፣ ቦታው ነው። ከነገ ጀምረህ ሽጥ፣ ትለዋለች፣ ለገዢ ሁሉ አገባቧን እኔ መጥቼ አሳያለሁ።

ይቺንስ ምን ላድርጋት፣ ላስቲኩን ያነሣል። ያንተ ናት፣ ግን ዛሬ ሁለተኛ መንገድ አትችልም፣ በባልዲ እናሳድራታለን፣ ቱቦውን አምጣ፣ ባዶ ባልዲም፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ ከገንዳው ስለምንወስድ በምትኩ ይተካበታል፣ ያ ሲሆን ደግሞ ንጹሑ ሳይሆን ጨው ያለው ነው፣ ከማዕድ ቤት ጀሪካኑን አምጣ፣ አይ ቆይ፣ ሳታነሣ ፕላስተሩን አንብብልኝ። ጨው ውሃ ይላል ሲስተር። ድገም። ጨው ውሃ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ትላለች፣ እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ታነብባለች።