ዳቦ ቤት የተገኘው ባላባት

ልጆቼ፣ አብዮቱ መሬቱን ላራሹ፣ ትርፍ ቤቱን ለመንግሥት ካደረገ በኋላ የቀረው ሥራ ዝንብን ማስተካከል ብቻ ነበር። እሱንም ቀበና ላይ ጨረስነው።

ከድር ዳቦ ቤት ነበረው፤ እኔ ሊጥ አቦካለሁ። ልጁ ዘይቱና ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ መመረቂያዋ የፍራፍሬ ዝንብ። የእንጦጦ ብርድ እየወረደ ዝንቦቹን ሲፈጅባት ጊዜ ጠርሙሶቿን ምድጃው ጀርባ ደረደረች። እኛ ለስኳር ስንሰለፍ እነሱ ሙዝ ይበላሉ።

በየጠርሙሱ እኩል ወንድና ሴት አለ። የያንዳንዱ ዓይን ወይም ክንፍ ለየት ያለ ስለሆነ የሚወለደው የማን እንደሆነ ከመልኩ ያስታውቃል። ሴቶቹ ተቀራራቢ ልጅ ወለዱ፤ ሴቷ ባል ብትደራርብ እንቁላሏ እምብዛም አይጨምርም። ከወንዶቹ ግን አንዱ ቀልጣፋ ብዙዎቹን ሲያዳርስ፣ ሌላው አንድም ሳይወልድ ይቀራል። እንግዲህ ተፈጥሮ ወንዱን የምትመርጠው ሴት በማግኘቱ፣ ሴቷን በእንቁላሏ ነው አለችን ዘይቱና።

ዳቦ ቤቱ ዝንብ ያረባል የሚል ጥቆማ ደርሶ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰቦቃ መጡ። ጠርሙሶቹ ከተደፉ ምረቃዋም አብሮ ይደፋል፤ ዘይቱና ረጋ ብላ ሁሉንም አስረዳቻቸው። ጓድ ንጽሕናውን ረስተው በቀልጣፋው ወንድ ተቆጡ።

«አንዱ አራት ይዞ ጎረቤቱ ባዶ እጁን? ሦስቱ ትርፍ ናቸው። ይሄማ ባላባት ነው።»

ከድር አንገቱን ደፍቶ፣ «ጓድ፣ ዝንብ እኮ ገና አልነቃም» አላቸው።

ውሳኔ ወጣ፦ አንድ ወንድ ለአንድ ሴት፣ በየግል ብልቃጡ። የመድኃኒት ብልቃጡን ራሱ ቀበሌው ከየቤቱ ሰበሰበ። ዘይቱና እሺ አለች። ከድር ልጄ አበደች ብሎ ነበር፤ ለካ መምህሯ ሽሚያ የሌለበት ማነጻጸሪያ አምጪ ብለዋት፣ ያን ሁሉ ብልቃጥ ከየት ላምጣ ስትል ነው የከረመችው። ከየዘሩ አዲስ የተፈለፈሉትን ዝንቦች ሳይገናኙ ለየቻቸው፤ ኤተር በሚባል ማደንዘዣ እያስተኛች አጋባቻቸው።

ልጆቹ መፈልፈል ሲጀምሩ ቀልጣፋውም ፈዛዛውም እኩል አባት ሆነው ተገኙ። ሽሚያ ሲቀር ቅልጥፍና ምን ያደርጋል? ጓድ ሰቦቃ በውይይት ክበቡ ድሉን አበሰሩ፤ እኛም አጨበጨብን፤ የማያጨበጭብ ማን ነበር?

በማግስቱ ዳቦ ቤት መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን መልሰሽ ብትቀላቅያቸውስ?» አሏት።

«ያው ባላባቱ ይመለሳል፣ ጓድ።»

«እንግዲያው የብልቃጦቹን አፍ በጥጥ አጥብቀሽ ወትፊው። ማንም እንዳይነካብሽ» ብለው ሁለት ዘብ አቆሙላት።

የኔ ልጆች፣ ዝንብ በጠመንጃ ሲጠበቅ ያየሁት ያኔ ነው። ዘይቱናም የዝንቦቹን ልጆች በሰላም ቆጥራ ጨረሰችና ተመረቀች።