ዘጠነኛ ወጥታ አንደኛ

እኛ አገር፣ ጣሊያን ውስጥ ባለችው ሮማኛ፣ ሰው ለልጁ ስም ከማውጣቱ በፊት ሞተር ብስክሌት ይመርጥለታል። ይህ በሽታ ያልነካት ብቸኛዋ ሰው ባለቤቴ ዛይራ ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሐዋርያትን መልእክት የምታነበውም እሷ ናት። እኔ ውድድር ለማየት ቴሌቪዥኑ ላይ ስተከል፣ እሷ የራሷን መጽሐፍ ይዛ ሌላ ክፍል ትገባለች።

ባለፈው መስከረም፣ የአውራጃችን ዋንጫ ሊጠናቀቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ የዴሊዮ ድምፅ ተዘጋ። ዴሊዮ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በውድድር ሜዳችን ድምፅ ማጉያ ያወራ ሰው ነው። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት እንዳይናገር፣ ማንሾካሾክ እንኳ እንዳይሞክር ከለከለው። የሞተር ክለባችን ሰዎች ተተኪ ፍለጋ እንደወጡ ስሰማ ፀጉሬን አበጥሬ ቤቴ ጠበቅኳቸው። የየዓመቱን ሻምፒዮን በቃሌ የምወጣ ሰው ከእኔ ሌላ ማን አለ? መጡ። በሩን ከፈትኩላቸው። ሰላም አሉኝና አልፈውኝ ወደ ጓሮ፣ ወደ ዛይራ ሄዱ።

ምክንያታቸውን አልደበቁኝም። እሷ ያለ ማይክሮፎን የመጨረሻው አግዳሚ ድረስ ትሰማለች፤ የእኔ ድምፅ ግን ትንሽ ሞቅ ሲለኝ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። እምቢ ትላለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሷ ግን የማታውቀውን ነገር ለሰው እንደማታወራ፣ ስለዚህ አስቀድሞ የሚያስተምራት እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ዴሊዮ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወጥ ቤታችን ገባ። እኔም ልረዳው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ካወራሁ በኋላ ሰሌዳው ላይ «ኦሬስቴ ዝም ይበል» ብሎ ጻፈ፤ ኦሬስቴ እኔ ነኝ። ዛይራ አንድ ፊደል አረመችለትና ትምህርቱ ቀጠለ።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ ጋዜጣ ላይ ስላየችው ነገር ነበር፤ አንድ ዓለም ይዘን እንዴት ይህን ያህል የዓለም ሻምፒዮን ይኖረናል? ዴሊዮ ሁለት ኮት ሣለ። አንደኛው ልብስ ሰፊ በልክ የሰፋው ነው፤ የግራንድ ፕሪ ሞተሮች እንደዚያ ናቸው፤ ለውድድር ብቻ ይሠራሉ፣ ሱቅ ሄዶ የሚገዛቸው የለም። እነሱም ሦስት እርከን አላቸው፤ ልጆቹ የሚጀምሩበት ትንሹ፣ መካከለኛው፣ ከዚያ ቁንጮው። ሁለተኛው ኮት ከሱቅ ተገዝቶ በልክ የተጠበበ ነው፤ ማንም የሚገዛውን ሞተር አሹለው የሚወዳደሩበት። የራሱ እርከኖችና የራሱ የዓለም ሻምፒዮኖች አሉት። ከዓለም በታች የአገር ሻምፒዮና አለ፤ ከአገር በታች የእኛ የአውራጃ ዋንጫ። ጭቃ ላይ የሚዘሉት፣ እየተቀያየሩ ሃያ አራት ሰዓት የሚነዱት ደግሞ ሌላ ቤት ናቸው።

ዛይራ ሰሌዳውን ትንሽ አየችው።

«ትምህርት ቤት ነዋ» አለች። «የአራተኛ ክፍል አንደኛና የስምንተኛ ክፍል አንደኛ አይነጻጸሩም። ሁለቱም ግን አንደኛ ናቸው።»

ዴሊዮ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ይህን ነገር በዚህ ቋንቋ ለማስረዳት አርባ ዓመት ጊዜ ነበረኝ።

ከዚያ ደንቡን አምጡልኝ አለች። ስልሳ ሁለት ገጽ ነው። በክለቡ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው አልተገኘም። እሷ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ በሁለት ቀን ጨረሰችው።

እሑድ ደረሰ። በእኛ ዋንጫ ተወዳዳሪ ስለሚያንስ ባለ ስድስት መቶ ሲሲ ሞተሮቹና ባለ ሺዎቹ አብረው ይነዳሉ፤ ነጥባቸው ግን ለየብቻ ነው። የትልልቆቹ ቁጥር ሞተሩ ፊት ባለ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ የትንንሾቹ ሰማያዊ ላይ። በሰማያዊዎቹ በኩል ዋንጫው በሁለት ሰው መካከል ነበር። ኤርመስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይወድቅ በአምስት ነጥብ ይመራል። የዓሣ ነጋዴው የሌያርኮ ልጅ ኒቬስ ደግሞ ወይ ታሸንፋለች፣ ወይ ከመንገዱ ዳር ያለው ጠጠር ውስጥ ወድቃ ትገኛለች።

ዛይራ ማይክሮፎኑን ስትይዝ እኔ አጠገቧ ውሃና መነጽር ይዤ ቆሜያለሁ። ዛሬ ሁለት ክፍል በአንድ አዳራሽ ስለሚፈተን ነጩን ከሰማያዊው እንዳያምታቱ ለሕዝቡ ነገረች። ሰው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ፤ ግማሹ የእሷ ተማሪ የነበረ ነው።

በመጨረሻው ዙር፣ ቦዩ አጠገብ ባለው መታጠፊያ፣ ኒቬስ ፍሬኗን ከኤርመስ አዘግይታ ይዛ በውስጥ በኩል አለፈችው። መነጽሩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። መስመሩን ዘጠነኛ ሆና አለፈች፣ ኤርመስ ከኋላዋ አሥረኛ። ከፊታቸው የነበሩት ስምንቱም ባለ ነጭ ሰሌዳ ናቸው። ስለዚህ ኒቬስ በክፍሏ አንደኛ፣ ሃያ አምስት ነጥብ፤ ኤርመስ ሁለተኛ፣ ሃያ ነጥብ። የአምስት ነጥብ ልዩነቱ ጠፋና እኩል ሆኑ።

የኤርመስ ጓደኞች እኩል ከሆነ ሲመራ የከረመው ይወስዳል ብለው ስሙን አስቀድመው ያሳተሙበትን ቢጫ ካናቴራ ማውጣት ጀመሩ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ሌያርኮ የዓሣ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ኒቬስ ሄልሜቷን አውልቃ መሣሪያዋን ወደ መኪናው መጫን ጀመረች።

«ትንሽ ቆዩ» አለች ዛይራ በድምፅ ማጉያው። «የደንቡ ገጽ ሠላሳ አንድ። ነጥብ እኩል ሲሆን ብዙ ጊዜ አንደኛ የወጣ ይበልጣል። ኒቬስ አራት ጊዜ፣ ኤርመስ ሁለት ጊዜ። ሻምፒዮኗ ኒቬስ ናት።»

የክለቡ ሊቀ መንበር ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። በቀይ የተሰመረበትን ገጽ ሰጠችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ ዴሊዮን አየው። ዴሊዮ ሰሌዳው ላይ «እኔም አላውቅም ነበር» ብሎ ጻፈ። ለዚያ ሰው ይህ ቀላል ቃል አልነበረም።

ኤርመስ ራሱ መጣ፣ የቆዳ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ። ጠብ ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ገጹን ተቀብሎ አነበበ።

«አስተምሬህ ነበር አይደል?» አለችው።

«አዎ መምህርት። ሦስተኛ ለ።»

«መደመር ላይ ጎበዝ ነበርክ። መመሪያውን ማንበብ ነው እምቢ ያልከኝ።»

«አሁንም ያው ነኝ» አለና ሳቀ። ወርዶ ከካናቴራዎቹ አንዱን አነሳ፤ ስሙን ሰርዞ «ኒቬስ» ብሎ ጻፈበትና ወስዶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ሌያርኮ ከሣጥኑ ተነሥቶ ሮጦ አቀፈኝ፣ ዓሣ በሚሸት እጁ። ምን አድርጌ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «እሷን አግብተሃላ!» አለኝ።

ኒቬስ በቀጣዩ ፀደይ ወደ አገር ሻምፒዮና አደገች። በመጀመሪያው ውድድር ከሠላሳ ሁለት ሰው አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። ሌያርኮ ልቡ ተሰብሮ ስልክ ደወለ። ላጽናናው አፌን ስከፍት ዛይራ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ልጅቷ ክፍል መቀየሯን አስታወሰችው፤ ከዚያ ከአንደኛው በስንት ሴኮንድ እንደራቀች፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ጊዜ እንዳጣች ጠየቀችው። ወሬው አንድ ሰዓት ፈጀ። እኔ እራቴን ብቻዬን በላሁ።