አስራ አንደኛው ፓስፖርት

አይ፣ ስልኩ አሁንም አልጮኸም፣ ጡቴ ስር ነው ያለው፣ ቢጮኽ ያንዘረዝረኝ ነበር፣ ላጪ እንግዲህ፣ ላጪ አንቺ አትጠገብ፣ እጅሽ ከቆመ ያዩሻል፣ ሽንኩርቱ እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ከቆቃ የመጣ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ያቃጥል፣ እዚህ ድንኳን ውስጥ ዛሬ ያላለቀሰ ማን አለ፣ ስድስት ሴት ክብ ሰርተን ስድስታችንም እንባችንን እየጠረግን ነው፣ የእኔን ከሌላው ማን ይለየዋል።

ልጄ ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብሏል። በእኛ ስምንት። አሁን ስንት ይሆናል፣ መስጊዱ ገና ድምፅ አለው፣ ጁምዓ አልወጣም፣ ሰባት እንኳ አልሆነም ማለት ነው፣ ወይስ ሆኗል፣ ዘሃራን ልጠይቃት፣ አይ፣ ቅድም ጠይቄያታለሁ፣ ሁለቴ ጠይቄያታለሁ፣ ሦስተኛ ብጠይቅ ይህች የወሎ ሴት ነገሩን ከፊቴ ላይ ታነበዋለች፣ ፊደል ያልቆጠርኩ እኔ ነኝ እንጂ እሷ ሰው ታነባለች።

የባንዱ ልጆች ነገ ጠዋት ይገባሉ። አርባ ቀን ሙሉ ጀርመን አገር ከአዳራሽ አዳራሽ ሲጫወቱ ከርመው፣ አስራ አንድ ሆነው ሄደው አስራ አንድ ሆነው፣ አስራ አንድ የምትለው እንግዲህ ሸዋወርቅ ናት፣ የባንዱ አለቃ የአለማየሁ ሚስት፣ ግቢው የእሷ፣ ድግሱ የእሷ፣ ያችትና ወንበር ትደረድራለች፣ ከፊት አስራ አንድ ይሁን ትላለች፣ እነሱ ጎን ለጎን ይቀመጡ ሰው ይያቸው ትላለች፣ አንዱን ወንበር አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ የማን ይሆን እሱ፣ የኔ ልጅ ቢሆንስ፣ ሸዋዬ አስር አድርጊው፣ ልበላት?

ትናንት ምሳ ሰዓት ነው። እማዬ አለኝ፣ ኢዩ፣ የልጄ ልጅ፣ ማሲንቆ የሚመታው፣ እማዬ ብቻሽን ነሽ፣ አዎ ብቻዬን ነኝ ምን ሆንክ፣ ምንም አልሆንኩ፣ እማዬ ብቀርስ፣ የት ነው የምትቀረው፣ እዚሁ፣ ሚኪያስ እዚህ አለ አብሮ አደጌ፣ መኪና ይዞ በሆቴሉ ጓሮ ይጠብቀኛል፣ ሥራም ማደሪያም አለ ብሎኛል፣ ከዚያ እኮ ነው ያንን ያለኝ፣ አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው አለኝ፣ ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ ና ካልሽኝ እመጣለሁ፣ ነገ ዘጠኝ ላይ አውቶቡሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይነሳል፣ ስምንት ላይ እደውልልሻለሁ፣ አስቢበት።

አስቢበት! ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ አባቴም ባሌም ቀበሌም አስቢበት ብሎኝ አያውቅም፣ ዛሬ ገና አንድ ሰው አስቢበት አለኝና እንቅልፌም እህሌም ጠፋ።

እማማ አትጠገብ፣ ስልኩን ጡት እያጠቡት ነው እንዴ፣ ስንቴ ነው የሚዳስሱት፣ ዘሃራ ናት፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ አዎ ይርበዋል አልኳት፣ ለሰባት ጥቂት ጉዳይ ነው አለችኝ ሳልጠይቃት፣ አየሽ፣ አንብባኛለች፣ ይህች ሴት፣ ለእስላሙ እንግዳ የሚቀርበውን ወጥ በራሷ ድስት ለብቻ የምትሰራው እሷ ናት፣ ድስቷን ጥግ አስቀምጣ እንደ ሕፃን ትጠብቀዋለች።

ጡት ስትል ግን። ወይ ጡት።

አለማየሁ ጭካኔ ኖሮበት አይደለም ፓስፖርቱን የሰበሰበው፣ የዛሬ ሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ሁለት ተወዛዋዦች ጠፉበት፣ በመጨረሻው ቀን፣ ልብሳቸውን እንኳ መስቀያው ላይ ትተው፣ ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኤምባሲው በሩን ዘጋባቸው፣ ስድስት ዓመት፣ ስንቱ ልጅ ባጃጅ ላይ ወጣ፣ ስንቱ እጁ ሻከረ፣ አለማየሁ ራሱ አኮርዲዮኑን ሸጦ በሰው ኪቦርድ ሠርግ ለሠርግ ሲዞር ኖረ፣ እና ዘንድሮ እግዜር ፊቱን መለሰ ቪዛው ተገኘ ሲባል እዚሁ ግቢ ሰብስቦ፣ ልጆች አትቀየሙኝ፣ ፓስፖርታችሁ አንድ ቦርሳ ውስጥ እኔ ጋ ይቀመጣል አለ። ሁሉም ሰጠ። ያደታ ከበሮ መቺው ሰጠ፣ ትልልቆቹ ሰጡ። የማንም እናት አፏን አልከፈተችም፣ እኔ ብቻ።

ምን ነካኝ? ኩራት ነው የነካኝ። ልጄን ከሌባ ቆጠርከው ወይ አለማየሁ አልኩት፣ ከሰው መሀል ተነስቼ፣ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በእጅህ ያደገውን፣ ጡቴን አወጣሁት፣ በቀን በሰው ፊት፣ በዚህ ጡት፣ እናቱን ያጠባሁበት፣ እሱንም እናቱ ስትሄድ ያባበልኩበት፣ ይኸው ይያዝልህ፣ የኢዩ ዋስ ይሄ ነው አልኩት። አለማየሁ ሮጦ መጣ፣ ተንበርክኮ ነጠላዬን ሳበልኝ፣ እማማ በማርያም ይሸፍኑት፣ በቃ፣ በቃ፣ እኔ ማን ነኝ ይህን የማልፍ አለና ከቦርሳው አውጥቶ ፓስፖርቱን ለኢዩ በእጁ ሰጠው። አስሩ ቦርሳ ውስጥ፣ አስራ አንደኛው የልጄ ኪስ ውስጥ። ያን ቀን ከግቢው ስወጣ አንገቴ እንዴት ቀጥ ብሎ ነበር።

አንቺው ነሽ የሰጠሽው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ቁልፉን አንቺ ነሽ ያቀበልሽው።

ዛሬ አልደወለም አለች ሉሊት፣ የያደታ ሚስት፣ ዘጠነኛ ወሯ ነው፣ ሆዷ ላይ ሳፋውን አስደግፋ ትልጣለች፣ ሂጂ ጋደም በይ ብንላት እምቢ ብላ፣ ትናንት ግን የሕፃን ጋሪ ገዝቻለሁ ብሎኛል፣ የምትገፋ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ከእኔ ልብስ ይልቅ ለእሷ ነው የተጨነቀ፣ ዘሃራ ቢላዋዋን አነሳች፣ ጋሪ ነው ያልሽው፣ ካመጣ ፈረሱንም አብሮ ያምጣ አቦ፣ ካልሆነ ከባለፈረሱ ከኢተፋ እንዋሳለን፣ ሳቅ ሆነ፣ ሉሊት ሆዷን ይዛ፣ ኧረ ተይ ዘሃራ እዚሁ ታዋልጂኛለሽ፣ ገና መጪው ጊዜም አለ እኮ አለች ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስዊድን ጠርተዋቸዋል፣ ያደታ በዚያኛው ዙር ቤቱን እንጨርሳለን ብሎኛል።

በሚቀጥለው ዓመት። የትኛው የሚቀጥለው ዓመት ልጄ። አላልኳትም። አንድ ሽንኩርት አነሳሁ፣ ራሱን ቆረጥኩት።

የኢተፋ ፈረስ፣ አዎ፣ ኢዩ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ኢተፋ ጅራፉን ይዞ ደጄ ላይ ይጮሃል፣ ነይ ውጪ፣ ፈረሴን መላጣ አድርጎታል ያ ልጅሽ፣ ብወጣ የፈረሱ ጭራ ግማሹ የለም፣ ልጄ ለካ ለማሲንቆው ክር ብሎ በምላጭ ቆርጦት፣ የዘይት ጣሳ ላይ ወጥሮት፣ አልጋ ስር ተደብቆ ይገዘግዘዋል፣ ኢተፋ የመጣበትን ረስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፣ አዳመጠ፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር ለራሱ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ ጠይቀኝ እንጂ አትስረቀኝ ብሎት ሄደ። ጠይቀኝ እንጂ።

ንፋሱ መጣ። የዚህ አገር ንፋስ፣ አቧራውን ሁሉ ወደ ድንኳኑ አመጣው፣ ሳፋውን ሸፍኑ ሳፋውን ሸፍኑ፣ ተሯሯጥን፣ ድምፁንስ፣ ንፋሱ ውስጥ ቢጠራና ባልሰማውስ፣ ዳሰስኩት፣ ዝም ብሏል፣ ሞቋል፣ ከእኔ ሙቀት ነው።

ምን እለዋለሁ። ቅር ብለው፣ ልጁ ይኖራል፣ ሰው ይሆናል፣ እዚህስ ምን አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ ጾም ሲገባ እሱም የለም፣ ሠላሳ ዓመቱ ሊሆን ነው ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል መጋረጃ ጋርዶ የሚያድር፣ ቅር ማለት ነው ያለብሽ፣ እናት ቅር ነው የምትል፣ ና የምትል እናት ለራሷ ናት፣ አዎ፣ ግን ማርቲንስ ማን ነው ሂጂ ያላት። እኔ። እናቱን። ማርቲ ልጄ፣ ለሁለት ዓመት ነው እማዬ ቤሩት ሠርቼ እመጣለሁ፣ ሂጂ ልጄ አልኳት፣ ልጁን እኔ እይዘዋለሁ፣ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ ደወለች፣ ከዚያ በየበዓሉ፣ አሁን በፋሲካ ብቻ፣ አማርኛዋ ተሰባብሯል፣ ድምፅዋ የእኔ ልጅ አይመስለኝም፣ አንዴ ሂጂ ብያለሁ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ሂጂ፣ ከአፍ ስትወጣ እንዴት ቀላል ናት።

ና ብለውስ። ይመጣል፣ ነገ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ሲጠፋ፣ አንድ ቀን ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምንም አይለኝም፣ እሱ ልጅ ክፉ አይናገርም፣ ብቻ ያየኛል፣ ያን ዓይን እኔ አልችለውም።

ቅር ብል የሉሊትን ቤት እኔ አፈረስኩት፣ ና ብል የልጄን።

ኧረ ቆይ። ቆይ እስቲ አንቺ አትጠገብ። ይህ ልጅ ለምንድነው አንቺን የሚጠይቅሽ። ሠላሳ ዓመቱ። ጢሙን የሚላጭ። ደህና አድርጎ ያውቃል፣ ጡትሽን አውጥተሽ ዋስ እንደሆንሽ ያውቃል፣ እዚያው ቆሞ እያየ ነበር፣ መሬት መሬት እያየ፣ ሲቀር በአንቺ ቃል እንዲቀር ነው፣ ሲመጣም በአንቺ ቃል፣ ማታ ሲተኛ እማዬ ናት ያለችኝ ብሎ እንዲተኛ። መጠየቅ ያለበትን ሰው ትቶ። ሰውዬውን፣ አለማየሁን፣ በር ለበር ክፍል ይዞ አርባ ቀን አብሮት ያደረውን፣ እሱን አልጠየቀም፣ በጓሮ ሊወጣበት ነው። እኔስ። እኔስ ምን እያደረግሁ ነው፣ የሸዋዬን ሽንኩርት በሸዋዬ ቢላዋ እየላጥኩ በጓሮ እየወጣሁባት አይደለም?

ጁምዓ ወጣ። የሰው ኮቴ በአጥሩ በኩል። ሰባት አልፏል።

ሸዋዬ።

አቤት እማማ።

ነይ እስቲ ወደ ውስጥ፣ ልነግርሽ ነው፣ ዘሃራ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ፣ ሸዋወርቅ ጓዳ ውስጥ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች፣ በርበሬ አነሰ እንዴ እማማ፣ አይደለም፣ ኢዩ ሊቀር ነው ወይም ሊመጣ ነው አላውቅም፣ እኔን ጠይቆኛል፣ ከትናንት ምሳ ሰዓት ጀምሮ አውቃለሁ፣ ይኸው እጅሽ ላይ ነኝ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፣ ሚኪያስን፣ መኪናውን፣ የጓሮውን በር።

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሽንኩርቱ እንባ ፊቷ ላይ እንዳለ፣ እንደቆመች፣ እኔ እኮ ያን ቀን አለማየሁን ተቆጥቼዋለሁ እማማ አለችኝ፣ ቤት ገብተን፣ ለምን ሰጠኸው አልኩት፣ ጡት አይቼ እንዴት ብሎ አለቀሰ። ስልኳን ከመደርደሪያው አነሳች፣ ልደውልለት፣ አሁኑኑ ፓስፖርቱን ይቀበለው።

ደውዪ ልላት ነው። መብቷ ነው። ይቅደመን፣ ይንጠቀው፣ እኔም እሱም እንረፍ፣ አዎ ደውዪ፣ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፣ ሸዋዬ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቅድሚያ ልጄ ራሱ ይንገረው፣ ካልነገረው ደውዪ፣ አንገቴን እሰጥሻለሁ ልል ነበር፣ ተውኩት፣ ከእንግዲህ ምንም አካሌን ለማንም ዋስ አልሰጥም።

አየችኝ። ስልኩን መልሳ አላስቀመጠችም፣ አልደወለችም። እጇ ላይ ይዛው ቆመች።

ስምንት ሊሆን ነው።

ያንዘረዝረኛል። እሱ ነው፣ ስሙን ባላነብም ፎቶው አለ፣ ማሲንቆውን አቅፎ፣ ጣቴ ሽንኩርት ሆኖ አይሠራልኝም፣ ሸዋወርቅ በጣቷ ዳሰሰችልኝ፣ ስፒከሩንም እንዳትነኪው አልኳት፣ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

እማዬ፣ አሰብሽበት?

አስቤበታለሁ። ሸዋዬ አጠገቤ ናት። ነግሬያታለሁ።

ምን? ምን አልሽ? ትንፋሹ፣ ትንፋሹ ብቻ፣ ከኋላው ሰዎች ዕቃ ይጎትታሉ፣ አንድ ሰው ይስቃል፣ ያደታ ነው፣ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ ሁሉንም ነገርሻት? ሁሉንም። እማዬ ገደልሽኝ እኮ! አልገደልኩህም፣ ስማኝ፣ ቅር አልልህም፣ ና አልልህም፣ ዋስትናዬን አንስቻለሁ፣ ከዛሬ ወዲያ በጡቴ አትያዝም፣ ጋሼህ ጋ ሂድና ፊቱን እያየህ ንገረው፣ እቀራለሁ ብለህ ንገረው፣ ወይ ልቀር ነበር ብለህ ንገረው፣ ከዚያ ወዲያ ብትቀርም ልጄ ነህ፣ ብትመጣም ልጄ ነህ፣ በጓሮ ግን አትወጣም።

ሚኪያስ እየጠበቀኝ ነው አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅ። ይጠብቅ አልኩት።

ቆረጠው ወይ፣ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፣ ፎቶው አለ፣ መለስኩት፣ ኢዩ፣ ኢዩ፣ አይመልስም፣ ግን ይሰማኛል፣ ኮቴ ነው፣ ምንጣፍ ላይ የሚራመድ ኮቴ፣ ወዴት ነው፣ ወደ ጓሮው ነው ወይስ፣ ደረጃ ቢወርድ በጫማው አውቀዋለሁ፣ አልወረደም፣ ሸዋወርቅ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች፣ ምን አለ እማማ፣ ዝም በይ ሸዋዬ ዝም በይ፣ ኮቴው ቆመ፣ ትንፋሹ አለ፣ ማርያምን ትንፋሹ አለ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ኳ ኳ፣ ጋሼ፣ ጋሼ አለማየሁ፣ ኢዩ ነኝ፣ አንድ ደቂቃ