የአባዬ ድምፅ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ

ማይኩ ምንም ጥፋት የለበትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወንድሜ ሰው ባገኘ ቁጥር «ያ ማይክ ነው ጉድ የሠራን» ስለሚል ነው። ማይክ ዕቃ ነው። ጉድ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ነው። የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ለጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም ዘፈን እቀዳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ዝም በሉ ስል ስለኖርኩ ወንድሜ «ፀጥታ አስከባሪ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ቤት ስገባ ብድግ ብሎ እንደ ወታደር ሰላምታ ይሰጠኛል። ይሳቅ፣ ግድ የለኝም። በሥራዬ ግን ቀልድ አላውቅም። ሰው እየቀዳሁ ወንበሩን ሲጢጥ ካደረገብኝ ደሜ ይፈላል።

ማይኩ እጄ የገባው አባዬ በታመመበት ሰሞን ነው። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ዓይነት ነው፣ ቱቦ ያለው፣ ኮንደንሰር የሚባል ማይክ። ሆዱ ውስጥ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የመስታወት ቱቦ አለች፤ መብራት ስታገኝ ቀስ እያለች ትግላለች። በደንብ ሳትሞቅ ከቀዱበት ድምፁ ደረቅ ነው። ግማሽ ሰዓት ከታገሡት ግን የሰው ድምፅ ወፈር፣ ለስለስ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራው እዚያው ቤታችን፣ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። እስፒሉን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ፣ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ ቀኑን ሙሉ ያወራል። የሚያወራው ከእማዬ ጋር ነው። እማዬ ዓይኗ ማየት ካቆመ ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ ሲሰፋ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፎችን እየዳበሰች በየመጠናቸው ትለያለች። እሱ ይለክፋታል፣ እሷ ትመልሳለች።

«እመቤት፣ ይሄን ኮት ብታዪው እንደገና ታገቢኝ ነበር» ይላታል።

«ዓይን እያለኝ አግብቼህስ ምን አተረፍኩ?» ትለዋለች።

እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚህ ጭቅጭቅ ነው። ዝም ያሉ ቀን አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው።

ሐኪሙ የአባዬን ጉሮሮ አይቶ ካንሰር መሆኑን ነገረን። ማንቁርቱ መውጣት አለበት። ይድናል፣ አንገቱ ላይ በሚከፈትለት ቀዳዳ እየተነፈሰ ይኖራል፣ ድምፅ ግን አይኖረውም። ቀጠሮው ለአሥረኛው ቀን ሆነ። እስከዚያው ጉሮሮውን እንዳያደክም፣ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳያወራ አስጠነቀቀው።

ቤት ስንገባ እማዬ ብዙ አላለቀሰችም። እጄን ያዘችና፣ «ሳላየው ስድስት ዓመት ኖርኩ። ሳልሰማውስ እንዴት ነው የምኖረው? አንድ ቤት ተቀምጠን ሁለታችንም ብቻችንን ልንሆን እኮ ነው» አለች። ከዚያ፣ «አንቺ የስንቱን ድምፅ ታስቀምጫለሽ። የአባትሽንም አስቀምጪልኝ። ያቺን የቀን አንድ ሰዓት ላንቺ ሰጥቼሻለሁ» አለችኝ።

ከአንድ ሰዓት ሌላ ከሌላት ሴት አንድ ሰዓቷን ተቀበልኩ። እሺ እማዬ፣ እንደሱ ያለ ቅጂ ተሰምቶ አያውቅም አልኳት። አፌን በቆረጠው።

በማግስቱ ክፍሉን አዘጋጀሁ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ የግድግዳ ሰዓቱን አውርጄ ኩሽና ወሰድኩት፣ የስፌት መኪናውን ጥግ አስያዝኩ። አባዬ ከአፉ የሚወጣው ነፋስ ማይኩን እንዳይመታ የሚጋርድ ነገር ብፈልግ፣ እሱው ራሱ የሽቦ ቀለበት ላይ ቀጭን ስቶኪንግ ወጥሮ ሰፋልኝ። ቱቦዋ ሞቀች። ሄድፎኔን አደረግኩ።

«እጅህን ጉልበትህ ላይ፣ አባዬ። አትንቀሳቀስ። እስቲ ፖፖ፣ ፓፓያ፣ ፖሊስ በል።»

«አርባ ዓመት ስሰፋ ኖሬ የመጨረሻ ቃሌ ፖፖ ይሁን?»

ከጥግ የእማዬ ድምፅ መጣ፤ «ላንተ አፍ ምን አነሰው!»

«ዝም በይ አንቺ! አፌን ወደሽ አይደል እንዴ የመጣሽው?» አላትና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ፣ እሷም አብራው ሳቀች። ድምፁ ከልክ አልፎ መለኪያው ቀይ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ተበላሸ!» ብዬ ጮህኩ። እዚያው ደመሰስኩት። የተበላሸ ቅጂ አላስቀምጥም፣ የሥራ ልማዴ ነው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሬ ግድግዳ ከምትጋራን ጎረቤታችን ዘንድ እንድትቆይ ነገርኳት።

«እሺ ልጄ፣ ሥራሽን አላበላሽብሽም» ብላ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። አባዬ በሩ እስኪዘጋ በዓይኑ ሸኛት። እኔ ገመድ እየፈታሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እሱና እኔ ብቻ ሆንን። ማይኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ሳደርገው ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሁለት ስንዝር ሳርቀው የክፍሉ ግድግዳ አብሮ ያወራል። አንድ ስንዝር ተኩል፣ ከአፉ ከፍ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ሳደርገው ነፋሱም ቀረ፣ ያ በሽታው ያመጣው ሻካራነትም ለዘብ አለ። ይህን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ። የአባዬን አራት ሰዓት ማለት ነው። እጁ ሥራ ሲያጣ እየተነሣ እስፒል ይፈልጋል፤ ነጠቅኩት፣ ጥርሱ ላይ ቀጭ ይላላ!

በአምስተኛው ቀን፣ «በል አሁን ዝም ብለህ አውራ» አልኩት።

«ምኑን?»

«የፈለግከውን። ለእማዬ እኮ ነው።»

ባዶ ወንበሯን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... እንደምን ዋልሽ» አለ፣ ከዚያ ጠፋበት። አርባ ዓመት አፉ ያልተዘጋ ሰው ቃል አጣ። እኔም አላወቅሁበትም፤ ተናደድኩና ስለ ልጅነቱ ያጫወተንን ሁሉ በወረቀት ጽፌ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ፣ እንደ ተማሪ አነበበልኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ዝም ይላል። ማታ እማዬ ስትመጣ የቀረው ሰዓት የለውም፣ እጇን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። ሐኪሙን ፈርቶ አንድ ቃል አልጨመረም። እሷም ደፍራ አላናገረችውም፤ ካናገርኩት መመለሱ አይቀርም ብላ።

በዘጠነኛው ቀን ንባቡም ተስተካክሎ የምፈልገው ድምፅ ተገኘ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሄድፎኑ ውስጥ አባዬ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቱን ለመናገር እሱን አልነበረም የምሰማው፤ ማይኩን ነበር።

«ዛሬስ እመቤት ትምጣ» አለኝ በዚያ መሐል።

«ኧረ አባዬ! ገና ዛሬ መስተካከሉ! የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደገና እናንብባቸው።»

አየኝ። መነጽሩን አስተካከለና አነበበ። ልጁ ነኛ፣ እንቢ አይለኝም።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ቆይቶ ቤት ገባ፤ ከስቷል፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠነው። ለእኛ ይጽፍልናል። ለእማዬ ምን ብሎ ይጽፋል?

በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እማዬ ከቁርስ በኋላ፣ «አሁን አሰሚኝ» አለችኝ። ጥሩውን ስፒከር አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። አባዬ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ከፈትኩት።

የአባዬ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ያለ አንዳች ኮሽታ። እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች፤ አንድ ገጽ ሙሉ ሰማች። እኔ ምስጋና ስጠብቅ ነበር፣ ይታያችሁ።

«ድምፁ ያምራል» አለች፣ እንግዳ ሰው እንደሚያመሰግኑት። ቀጥላም፣ «እኔን የሚያናግርበትስ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

 ያንን አንድ «እንደምን ዋልሽ» እንኳ ተንተባተበ ብዬ ደምስሼዋለሁ። እጄ ማሽኑ ላይ እያለ በሐሳቤ ዘጠኙንም ቀን ፈተሽኩት። የቱም ጋ የለም። የነበረው የመጀመሪያው ቀን ነበር፣ ቀይ ውስጥ የገባው፣ ሳልና ሳቅ የተቀላቀለበት። እሱን ዛሬ ባገኘው ማይኩንም፣ ሃያ ሁለት ዓመቴንም በሰጠሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ይመጣል እማዬ፣ ወደ ኋላ ነው» ብዬ ዋሸኋት።

ጥቂት ታገሠችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ስፒከሩ ዘረጋች፤ «ዝጊው ልጄ። ይሄ ሰውዬ ሲያወራ አባትሽ የት ጋ እንዳለ አልሰማ አለኝ።»

ዘጋሁት። ቤቱ ጭር ሲል የአባዬ ትንፋሽ ብቻ ቀረ፤ በዚያች በአንገቱ ቀዳዳ ሲር ሲር ይላል። እማዬ ከወንበሯ ተነሣች። ትንፋሹን እየተከተለች፣ እጇን ወደ ፊት አድርጋ ሄደችና ትከሻውን ስታገኝ ቆመች።

«እዚህ ነህ እንዴ?» አለችው።

መለሰላት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ቅንድቡን እያነሣ፣ ድሮ ሲለክፋት በነበረበት ፊቱ ረጅም ነገር ነገራት። እሷ ፊቷን ወደሱ አቅንታ ትጠብቃለች። መናገሩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።