የተረገጠው መከናነቢያ

ዛርላሽታ የወንድሟን ደም ይቅር ብላለች ይባላል። ይቅር ያሉት ወንዶቹ ናቸው። እሷን ማን ጠየቃት?

ነገሩ የውሃ ተራ ነበር። በበቆሎው ማሳ ላይ ተራው የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ሲባባሉ ወንድሟ አኽታርና ጎረቤታቸው ሻምሮዝ ተያያዙ። አኽታር ዱላ ይዟል፣ ሻምሮዝ አካፋ። ዛርላሽታ ጩኸቱን ሰምታ ከቤት በሩጫ ወጣችና መከናነቢያዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ መሃላቸው ወረወረችው። በአገራቸው ልማድ የሴት መከናነቢያ ጠበኞች መሃል ከወደቀ ግንብ ማለት ነው፤ ጠመንጃ የደገነ እንኳ ያወርዳል። አኽታር ዱላውን ጣለ። የእህቱን ባዶ ራስ እንዳያይም ፊቱን አዞረ። ሻምሮዝ ግን ጨርቁን ረግጦ አለፈና ፊቱን ያዞረውን ሰው በአካፋው ስለት ማጅራቱን አለው። አኽታር ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ያን ቀን ውሃው ቀልቶ ወረደ፤ ለማንም ተራ ሳይሆን።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። የሻምሮዝ ወገኖች በግ እየጎተቱ እነ ዛርላሽታ ደጅ ድረስ መጡ፣ በጉ ታረደ፣ ደሙ ታጠበ ተባለ። ዛርላሽታ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ "መከናነቢያዬስ?" አለች።

"ልጄ፣ ደሙን እኛ አጥበናል" አሏት አንድ ጢማም ሽማግሌ። "ጨርቁን አንቺ እጠቢው።"

ወንዶቹ ሳቁ።

አላጠበችውም። የሻምሮዝ የጫማ ጭቃ እንደተጋገረበት አጣጥፋ ቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ከበጉ ሥጋም አልቀመሰችም። አንድ ነገር ግን ለማንም ሳትናገር በሆዷ ይዛው ኖረች፦ ወንድሟን ዱላውን ያስጣለችው እሷ ናት። መከናነቢያዋን ባትወረውር ኖሮ አኽታር ራሱን ይከላከል ነበር። ይህን መናገር ስለማትችል ሌላውን ተናገረች። ለልጇ ለሚርዋይስ ጡት ስታጠባው ነገረችው፣ ዳቦ ስትቆርስለት ነገረችው፣ ጢም ሲያበቅልም ነገረችው። "ረገጠው" ትለዋለች። "ዓይኑ እያየ ረገጠው።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷ ደግሞ ሌላውም እንዲረሳ አትፈቅድም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሚርዋይስ የአጎቱን ሚኒባስ ደጅ አስቁሞ ገባ። "አደይ፣ ተነሺ" አላት፤ እናቱን እንዲያ ነው የሚጠራት። "ዛሬ የድሮዎቹን መነኮሳት ገዳም አሳይሻለሁ። ማታ ቤትሽ ነሽ።"

"ጣዖት ልታሳየኝ ነው ቤንዚን የምታቃጥለው?"

"ከገዳሙ በላይ አምባም አለ። ነገሥታት የተጫረሱበት።"

"መጫረስ እቤቴም አለ፣ ኑ በነፃ ላሳያችሁ" አለ ጉልዛር ከመሪው ኋላ። የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ ወፍራም፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ከሚስቱ በቀር ማንንም የማይፈራ። "ግቢ እንግዲህ፣ የወንድሜ ሚስት። ያ ቋጠሮሽ ግን ወንበሬን ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳያሸትብኝ።"

"ምሳህ ነው። ካልፈለግክ ለውሻ እጥለዋለሁ።"

"እኔን ቁጠሪኝ በውሻው።"

ከማርዳን ከተማ ከወጡ በኋላ አንድ የተንቆጠቆጠ የጭነት መኪና ታክኳቸው ሲያልፍ ስፖኪዮአቸውን ሰበረው። ጉልዛር የሹፌሩን እናትና አያት ሰድቦ ሊያልፈው ነበር። ሚርዋይስ ግን መኪናው የባቡር ሐዲዱ ጋ ሲቆም ዘሎ ወረደና ሹፌሩን በአንገትጌው ጎትቶ መሬት ላይ ጣለው። ሰውየው እጁን ቢያነሳ፣ ይቅርታ ቢል አልሰማውም። አፉን በጫማው አለው። ጥርሱን ከአቧራው ጋር ሲተፋ ዛርላሽታ በመስኮት አየች። ልጇ ሲመለስ ትንፋሹ እንኳ አልተፋጠነም።

"ለስፖኪዮ ነው ይሄ ሁሉ?" አለ ጉልዛር። ቀልዱ ጠፍቶበታል።

"ነድተህ ሂድ፣ አጎቴ።"

ሚርዋይስ ከወንበሩ ሥር የጎማ መፍቻውን ብረት አውጥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ዛርላሽታ ብረቱን አየችው። ምነው አንድ ነገር ባልኩ ያለችው በኋላ ነው።

ገዳሙ ኮረብታው ወገብ ላይ ነው፤ ደረጃው ድንጋይ፣ ፀሐዩ እሳት። የመነኮሳቱ ክፍሎች እንደ ንብ ቀፎ ተደርድረዋል፤ ተቀምጠው የሚጸልዩባቸው፣ ቁመው የማይገቡባቸው። በየጎድጓዳው ያሉት የቡድሃ ምስሎች ራስ የላቸውም፤ ሌባ ቆርጦ ሸጦታል።

"እኔም ሚስቴ ፊት እንዲህ ነው የምቀመጠው" አለ ጉልዛር እያለከለከ።

ከላይ ከፈረሰው አምባ በኩል የቦታው ጠባቂ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ወረደ። "አይድከማችሁ!" አላቸው።

"አትዋረድ" ብሎ የአገሩን ሰላምታ የመለሰ ጉልዛር ብቻ ነበር።

ዛርላሽታ አቀርቅራ ነበርና መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። ቀኙን ወደ ውጭ እየጣለ የሚረግጥ፣ ሰፊ፣ ከባድ እግር። ጭቃው ይሄን ሁሉ ዓመት ሳጥኗ ውስጥ ተቆልፎ የኖረ እግር።

"ሚርዋይስ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወደ መኪናው እንመለስ።"

"ለምን? ላሳይሽ ያመጣሁሽ እሱን ነው።"

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ በልጇ እጅ ያለውን ብረት አየ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። "የአኽታር እህት" አለ፤ ወደ ሚርዋይስም ዞረ። "ልጄ፣ ታርቀናል እኮ! በጉ ታርዷል!"

"በጉ ለአጎቴ ለአኽታር ነው። ለእናቴ ምን አረድክላት?"

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ጠርሙሱ ደረጃው ላይ ተፈረካከሰ። ጉልዛር ከኋላ ሊያንቀው ሲሞክር በክርን አፍንጫውን ተመታና ደሙ በጢሙ ላይ ወረደ። ሻምሮዝ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ አንዱ የመነኮሳት ክፍል ውስጥ ገባ። ሚርዋይስ በቁርጭምጭሚቱ ጎትቶ አወጣው፤ ሰውየው ወለሉን በጥፍሩ ይቧጥጣል።

"የቱ ነው? የረገጠው የቱ ነው?" ይላል ልጁ። "ቀኙ ነው፣ አደይ? ቀኙ ነበር ያልሽኝ?"

ብረቱን በቀኝ እግሩ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ዛርላሽታ ይህን ድምፅ ስንት ሌሊት ተመኝታዋለች! አሁን ሲመጣ ጆሮዋን ያዘች። "በቃ!" አለች። ማንም አልሰማትም።

ሻምሮዝ እየተንፏቀቀ ከግንቡ የወደቀ ስለታም ድንጋይ አገኘ። አንስቶ ሊወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ። ሚርዋይስም ብረቱን ከራሱ በላይ አነሳ።

ያን ጊዜ የሻምሮዝ ሚስት ሳንጊና የባሏን ምሳ ይዛ ከታች ደረሰች። ዳቦውንም እርጎውንም ጣለችው። ሰማያዊ መከናነቢያዋን ከራሷ ላይ መንጭቃ በሁለቱ መሃል ወረወረችው፤ ሽበቷ በአደባባይ ተገለጠ።

ሁሉም ቀጥ አለ።

ከዚያ ሻምሮዝ ድንጋዩን ጣለ። እሱ፣ ያ የረገጠው ሰውዬ፣ ድንጋዩን ከእጁ ለቀቀና የሚስቱን ባዶ ራስ እንዳያይ ፊቱን አዞረ። ማጅራቱ ለሚርዋይስ ተጋለጠ።

ዛርላሽታ ያን ማጅራት አወቀችው። የአኽታር ነበር።

ሚርዋይስ ሳቀ። "አሁን ጨርቅ ማክበር መጣልህ?" አለው። ወደ እናቱ ዞረ፤ ፊቱ ላብና ደም ነው፣ ዓይኑ ግን ስጦታ ይዞ እንደመጣ ሕፃን ያበራል። "አደይ፣ እዪልኝ። እንደረገጠው እረግጥልሻለሁ።"

እግሩን ከጨርቁ በላይ አነሳ።

ሌላ ድንጋይ በዛርላሽታ እግር ሥር ነበር። በሁለት እጇ አነሳችው። በቆመበት እግሩ ላይ፣ ቅልጥሙ ላይ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ አሳረፈችው። ልጇ እንደ በሬ አጓርቶ በጀርባው ወደቀ። ብረቱ እየተንኳኳ በደረጃው ወረደ። ያነሳው እግር ጨርቁን አልነካም።

መከናነቢያውን በሁለት ጫፉ ይዛ አነሳችው፣ አቧራውን አራገፈች፣ ሳንጊናን አከናነበቻት። ሴትዮዋ፣ "ልጅሽን መግራት አሁን ገና ትዝ አለሽ?" ብላ አንባረቀችባት።

"እህቴ" አለ ሻምሮዝ ከመሬት፣ "አላህ ይ..."

"እህትህ አይደለሁም። ያዳንኩት አንተን አይደለም። ዝም በል።"

በመልሱ መንገድ ሚርዋይስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። እናቱ እግሩን በዚያው የጎማ መፍቻ አስደግፋ፣ ምሳ በተቋጠረበት ጨርቅ አስራዋለች። ጉልዛር አፍንጫው አብጦ፣ በውስጠኛው መስታወት ወንበሩ ላይ የሚንጠባጠበውን ደም እያየ፣ "ሽንኩርቱ ይሻለኝ ነበር" አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ወደ ሐኪም ቤቱ ሲቃረቡ ልጇ ዓይኑን ገለጠ። "አደይ፣ እግሬን ሰበርሽኝ።"

"ሰበርኩህ።"

"ለዚያ ውሻ ብለሽ?"

"ለጨርቅ ብዬ" አለችው፤ ራሱንም ከጭኗ ላይ እንዳይንሸራተት አጥብቃ ያዘችው።