የአሽከሩ ድምፅ

“ቁም፣ ቁም። አሁንም አንድ ሰው ለብቻው የሚያወራ ነው የሚመስለው” አሉ የስቱዲዮው ባለቤት ከመስታወቱ ወዲያ።

የድምፅ ተዋናዩ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። ስክሪኑ ላይ ፈረሰኛው የብረት ልብሱ ከብዶት፣ አንድ እግሩን እርካብ ላይ እንዳደረገ ቀርቷል። አሽከሩ ከሥር በትከሻው ይገፋዋል። ፊልሙ የጦርና የጋሻ ዘመንን የሚያሳይ የድሮ የፈረንሳይ ኮሜዲ ነው። በአማርኛ ድምፅ ሲተረጉሙት ፈረሰኛውን እሱ፣ አሽከሩን ታናሽ ወንድሙ ይሠሩ ነበር። ግማሹን እንደጨረሱ ወንድሙ ሞተ። የቀበሩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ዛሬ ሁለቱንም ድምፅ እሱ ብቻውን እየሞከረ ነው። ወንድሙን ቀብሮ የመጣ ሰው ሌላውን ለማሳቅ ሲታገል መዋሉ ራሱ ጉድ ነው።

ወንድሙ ፊልሙን ሲወደው ለጉድ ነበር። “ፈረሰኛው እኮ አንዴም አይስቅም፤ የሚያስቀው ለዚያ ነው። አንተም ኮስተር በል” ይለው ነበር። ራሱ ግን ሳቁ እያመለጠው ስንቱን ቀረጻ አበላሽቷል።

ባለቤቱ ወደ ክፍሉ ገቡ። አንድ የማያውቀው ተዋናይ ተከትሏቸዋል።

“ስማኝ ልጄ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ፊልሙን ግን ነገ ማስረከብ አለብኝ። የሁለታችሁ ድምፅ ድሮም ይመሳሰላል፤ ሁለቱንም አንተ ስትሠራው አልሆነም። አሽከሩን ይሄ ሰው ከመጀመሪያው ይሥራው።”

“የወንድሜስ ድምፅ?”

“ይጠፋል። ምን ላድርግ? አንድ አሽከር በሁለት ሰው ድምፅ አያወራ።”

የእሱና የወንድሙ እናት ትናንት ማታ፣ “ፊልሙ መቼ ነው የሚታየው? ድምፁን ልስማው” ብላዋለች። ቤቱ በወንድሙ ፎቶ ተሞልቷል፤ ድምፁ ያለው ግን እዚህ ብቻ ነው።

“እግዜር ያጽናህ” አለ አዲሱ ተዋናይ አንገቱን ደፍቶ። “ሥራ ሆኖብኝ ነው የመጣሁት።”

“ኮስታራ ሰው መሥራት ትችላለህ?”

“እሞክራለሁ።”

“እንግዲያው ፈረሰኛውን አንተ ውሰደው። አሽከሩን ወንድሜ ካቆመበት እኔ እቀጥላለሁ። እሱን መምሰል አያቅተኝም፤ በስልክ እናታችንን ስናታልል ነው ያደግነው።”

ባለቤቱ ትክ ብለው አዩት። “ዋናውን ሰው እኮ ነው የምትለቀው። እስካሁን የሠራኸውስ?”

“ድምፃችን ለየብቻ አይደል የተቀዳው? የእኔን ያጥፉት” አለና ወደ ሁለተኛው ማይክሮፎን ተዛወረ።