ድምፅ አልባው የመጨረሻ ክፍል

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የአሥራ አንድ ዓመት እህቴን እድላዊትን ልደታ ከቀበርናት አራተኛ ቀናችን ነበር። እማዬ ከቀብር ወዲህ እንባ ጠብ አላላትም፤ ሁላችንም የፈራነው ይህንኑ ነው። ቴሌቪዥኑ እንደ ሐዘን ቤት ደንብ ተዘግቶ በነጠላ ተሸፍኗል።

የጎረቤታችን ልጅ ሶሲ ገብታ ፍራሹ ላይ እማዬ ጎን ተቀመጠች።

«ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከእድልዬ ጋር ልናየው ነበር» አለች። በጉድጓድ ገብታ ሌላ ዓለም ስለ ወጣች ልጅ የሚተርክ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው።

«በሐዘን ቤት ካርቱን! እድርተኛው ምን ይለናል?» አሉ የአባቴ እህት እትዬ ትርንጎ።

«ድምፁን አጥፉና ክፈቱላት» አለች እማዬ።

ድምፅ ስለሌለ ሶሲ ትተርክልን ጀመር። ልጅቷ በክንፋም ፈረስ ገደል ስትሻገር እትዬ ትርንጎ ሳይታወቃቸው «ኧረ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ ትወድቂያለሽ!» አሉ። ለቀስተኛው ፈገግታውን በነጠላው ሸፈነ።

በመጨረሻ ልጅቷ እዚያው ለመቅረት ወሰነች።

«እናቷስ?» አለች እማዬ።

«እናቷን አላሳዩም» አለች ሶሲ።

«እንዴት አያሳዩም! ራት ሠርታ እየጠበቀቻት ይሆናል እኮ!»

እማዬ ይህን ብላ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። «በቃሽ» ያላት ሰው አልነበረም። ሶሲ ደንግጣ ልትወጣ ስትነሳ እማዬ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

ሶሲ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ታድራለች።